ጠባቂውን በገንዘብ ከመግዛታችን በፊት



በዚህ ዓመት ለወላጅ ኮሚቴው ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ ከጣሪያ ጥገናውና ከአውቶቡስ ኪራዩ ያነሰ ቢመስልም ከሁሉም በላይ ያከራከረን እሱ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው። ለትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች በየዓመቱ የሚከፈልበት ፀረ ቫይረስ እንግዛ ወይስ ያለ ክፍያ በሚገኘው እንቀጥል? አንዳንድ ወላጆች «ለልጆቻችን ከሆነ እንክፈል፤ ነጻ ነገር ምን ዋስትና አለው?» አሉ። ሌሎች ደግሞ «በነጻ እያለ ከወር ክፍያችን ላይ ቆርሶ ማውጣት ምን ይባላል?» ብለው ተቃወሙ። ኮሚቴው ውሳኔውን ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ስላስተላለፈው፣ ከስብሰባው በፊት ሐሳቤን በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ በግልጽ ማስፈር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለተማሪዎች የኮምፒውተር ክፍልም ሆነ ለአብዛኞቻችሁ ቤት የሚከፈልበት ፀረ ቫይረስ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ይሁን እንጂ ለዚያ የታሰበው ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለስ አልልም። ይበልጥ ለሚያስፈልገን ሌላ ጥበቃ ይዋል ነው የምለው። የተማርኩት የትምህርት ሙያ እንጂ የኮምፒውተር ምህንድስና አይደለም። ነገር ግን የወላጅን ገንዘብ በእጁ የያዘ ሰው ከመክፈሉ በፊት ምን እንደሚገዛ ጠይቆ የመረዳት ግዴታ አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ነው።

ጠባቂው ምን ይሠራል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የግል ኮምፒውተሮችን በስፋት ያዳረሰው የመጀመሪያው ቫይረስ «ብሬይን» የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ነው። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት በየቤቱ ስላልነበረ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመተው በፍሎፒ ዲስክ ነበር። ይህን መሰሉ ጥፋት እየበዛ ሲሄድ ቫይረስን ለይቶ የሚያስወግድ ሶፍትዌር የሚሸጡ ድርጅቶች ተፈጠሩ። ዊንዶውስ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ጥበቃ የሚሰጥ የራሱ ፀረ ቫይረስ አልነበረውም። ስለዚህ ኮምፒውተር የገዛ ሰው ጠባቂውን ለብቻው መፈለግ ነበረበት። ብዙዎቻችን «ፀረ ቫይረስ ያልተገዛለት ኮምፒውተር በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው» የሚለውን አስተሳሰብ የያዝነው ከዚያ ዘመን ነው።

ፀረ ቫይረስ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የታወቁ ሌቦችን ፎቶግራፍ ይዞ በር ላይ እንደሚቆም ዘበኛ ነው፤ የሚገባውን ሁሉ ከያዘው ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ሁለተኛው ጠባይን መመልከት ነው። አንድ ፕሮግራም በድንገት በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን መቆለፍ ከጀመረ፣ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም ያስቆመዋል። አዳዲስ ሌቦች በየቀኑ ስለሚፈጠሩ ዝርዝሩ በየጊዜው ካልታደሰ ዘበኛው የቆመው የአምና ፎቶ ይዞ ነው። ይህ ነጥብ ለነጻውም ሆነ ለሚከፈልበት እኩል ይሠራል።

ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሙሉ ፀረ ቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ዛሬ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የምንለው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው እየተባለ ይተች ነበር፤ ትችቱም እውነት ነበረው። ዛሬ ግን በጀርመን ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስትና በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሚገኘው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ፣ ማለትም ፀረ ቫይረሶችን በየጊዜው እየፈተኑ ውጤት የሚያወጡት ተቋማት፣ በሚያደርጉት ፈተና ከታወቁት የሚከፈልባቸው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ደጋግሞ አግኝቷል። እኛ መምህራን ተማሪን የምንመዝነው በከፈለው ገንዘብ ሳይሆን በፈተና ውጤቱ ነው። ሶፍትዌሩንም በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው ፍትሐዊ ይመስለኛል።

አንድ ጉድለቱን ግን መደበቅ አይገባም። ይህ ጠባቂ ብዙውን ዕውቀቱን የሚያገኘው በኢንተርኔት ከድርጅቱ ማእከል ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ከመስመር ውጭ ሲሆን አዲስ ቫይረስ የመለየት ችሎታው ይቀንሳል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልሱም ኮምፒውተሮቹ በየሳምንቱ በቋሚነት ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው እንዲታደሱ ማድረግ ነው እንጂ ዓመታዊ ክፍያ መጀመር አይደለም።

«ነጻ» ሁለት ዓይነት ነው

በክርክራችን ላይ «ነጻ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለናል። አንዱ አሁን የጠቀስኩት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ሌላው ደግሞ ፀረ ቫይረስ የሚሸጡ ድርጅቶች ከሚሸጡት ጎን ለጎን ያለ ክፍያ የሚያድሉት ነው። ሁለተኛው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ የሚታደሉት በቤት ውስጥ ለግል አገልግሎት ብቻ ነው። ተጭኖ «እስማማለሁ» የሚባለው ያ ረጅም ጽሑፍ ሲነበብ፣ ለድርጅት ወይም ለተቋም መጠቀም እንደማይፈቀድ ይናገራል። ትምህርት ቤት ደግሞ ተቋም ነው። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ገንዘቡን በሌላ መንገድ ማግኘት ስላለበት «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው፤ አሁኑኑ ይክፈሉ» በሚል ማስታወቂያ ተጠቃሚውን ያዋክበዋል።

ከማስታወቂያም የከፋ ይኖራል። አቫስት የተባለው በዓለም ዙሪያ በጣም የታወቀ ፀረ ቫይረስ አምራች፣ ጃምፕሾት በሚባል እህት ድርጅቱ አማካይነት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ለሌሎች ሲሸጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ በጋዜጠኞች ምርመራ ተጋለጠ። ጃምፕሾትም ተዘጋ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቫስት 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ መሸጡን እንዲያቆም አደረገ። ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ሶፍትዌሩን የጫኑት እንዲጠብቃቸው ነበር። «ነጻ ነገር ምን ዋስትና አለው?» ያሉት ወላጆች ጥርጣሬ እንግዲህ መሠረት የለሽ አይደለም። ስለዚህ «ነጻ ከሆነ ማንኛውንም ጫን» የሚለውን ምክር አልሰጥም።

ታዲያ ገንዘብ መክፈል ዋስትና ይሆናል? እሱም አይሆንም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ትልልቅ ድርጅቶች በውድ ዋጋ የሚገዙት የክራውድስትራይክ የጥበቃ ሶፍትዌር ስህተት ያለበት ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች በአንድ ቀን ከሥራ ውጭ ሆኑ፤ አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ። ይህን ያደረገው ሌባ ሳይሆን ጠባቂው ራሱ ነው። ፀረ ቫይረስ የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ ውስጥ ከሁሉም ጠልቆ፣ የቤቱን ቁልፎች ሁሉ ይዞ ነው። ስለዚህ በነጻም ይሁን በክፍያ ጠባቂ ስንጨምር የምናምነውን ሰው ቁጥር እየጨመርን መሆኑን አንርሳ።

የሚከፈልበት ምን ይጨምራል ለሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ለይቶ የሚይዘው ክፍል ከዚያው ድርጅት ነጻ ሶፍትዌር ጋር አንድ ነው። በክፍያው የሚጨመሩት ሌሎች አገልግሎቶች ናቸው፦ ቪፒኤን፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ፣ በችግር ጊዜ የሚደወልለት ባለሙያ፣ እንዲሁም ብዙ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ ሆኖ መቆጣጠር። ከእነዚህ የምንፈልገው ካለ መክፈሉ ነውር የለውም። የማንፈልገውን ገዝተን «ጥበቃ ገዛን» ማለት ግን ራስን ማታለል ነው። ደግሞም የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብዙ ጊዜ የማስተዋወቂያ ቅናሽ ያለበት ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ሲታደስ ከፍ ይላል። ለኮሚቴው በቀረበው ወረቀት ላይ የታየው የመጀመሪያው ዓመት ብቻ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከየት ነው?

እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን መታ። የሰዎችን ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕመምተኛ ቀጠሮዎችን ሰረዙ። የሚያስቆጨው ግን፣ ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት በማርች ወር፣ ማለትም ከሁለት ወር በፊት በነጻ አውጥቶት ነበር። ያልጫኑት ተመቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እነዚያን ሰዎች ያጎደላቸው ውድ ሶፍትዌር አልነበረም፤ በነጻ የመጣላቸውን ማሻሻያ በጊዜው አለመጫናቸው ነው።

ወደ እኛ ወደ ናይሮቢ ስንመለስ፣ በትምህርት ቤታችን የሚታዩት ችግሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፍላሽ ነው። ተማሪው የቤት ሥራውን ሳይበር ቤት ያትማል፤ በዚያው ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፎልደሮቹ ይሰወሩና በቦታቸው የአቋራጭ ምልክት ብቻ ይታያል፤ ተማሪው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ያንን ሲጫን ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣዋል። ሁለተኛው «ክራክ» ነው። ዋጋ ያለውን ፕሮግራም ወይም ጨዋታ ያለ ክፍያ ለማግኘት ከማይታወቅ ቦታ የሚወርድ ፋይል ሲጫን፣ አብሮ የሚመጣው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፋ» ይላል። በሩን ከፍቶ ዘበኛውን አሰናብቶ ሌባን በክብር ያስገባ ሰው፣ ዘበኛው የአንድ ሺህ ሽልንግም ይሁን የመቶ ሺህ ልዩነት የለውም። ሦስተኛው የማታለያ መልእክት ነው። «ሽልማት ደርሶዎታል»፣ «በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ»፣ «ኤም-ፔሳዎ ሊዘጋ ነው፣ የምሥጢር ቁጥርዎን ያስገቡ» የሚሉትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቁጥሩን በገዛ አንደበቱ የሚናገርን ሰው የሚያድን ፀረ ቫይረስ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ስለ ክራክ አንድ ነገር ልጨምር። በከተማችን በአንዳንድ ሱቆች ያገለገለ ኮምፒውተር ስንገዛ «ዊንዶውሱንም፣ ኦፊሱንም፣ ፀረ ቫይረሱንም ሞልቼልሃለሁ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ይህ የተሰረቀ ቅጂ ነው። በተሰረቀ ጠባቂ ቤትን ማስጠበቅ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እንደ መምህር የሚያሳስበኝ ግን ከቫይረሱም በላይ ሌላው ነው። በፈተና ላይ መኮረጅ ነውር ነው ብለን የምንቀጣውን ልጅ፣ የሌላውን ሰው ድካም ሳይከፍሉ መውሰድ ብልጠት ነው ብለን በኮምፒውተሩ ክፍል ልናስተምረው አንችልም። መክፈል ካልቻልን ሕጋዊ የሆነ ነጻ ነገር ሞልቷል፤ ለጽሑፍ ሥራ ሊብረኦፊስ አለ፤ ለጠቅላላው ኮምፒውተር ደግሞ ሊነክስ አለ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች በልዩ ምዝገባ ለአንድ ዓመት ያህል የጥበቃ ማሻሻያ ማግኘት የሚችሉበት መንገድ ቢከፈትም፣ ዘላቂ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲጫን አይፈቀድም፤ በእርዳታ ካገኘናቸው መካከል ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው። መሠረቱ የተሰነጠቀን ቤት በውድ ቁልፍ መቆለፍ አያድነውም። ውድ ፀረ ቫይረስ በማይታደስ ዊንዶውስ ላይ መጫንም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 የሚቀበሉትን ወደዚያ፣ የማይቀበሉትን ወደ ሊነክስ ማዛወር ከፀረ ቫይረስ ግዢ መቅደም አለበት እላለሁ።

ልናጣው የማይገባን ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የምንጠብቀው ምንድን ነው? ኮምፒውተሩን እንዳትሉኝ። ኮምፒውተር ከሉቱሊ ጎዳና ይገዛል፤ በሌላ ይተካል። የማይተካው በውስጡ ያለው ነው።

የእኛ ማኅበረሰብ መንገደኛ ነው። አንዱ ቤተሰብ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ሌላው ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ ይሄዳል፤ ሌላው ለሥራ ወደ ካምፓላ ወይም ወደ ጁባ ይዛወራል። በዓመቱ ውስጥ በጽሕፈት ቤታችን ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «የልጄን የክፍል ውጤት ላኩልኝ» የሚለው ነው። አንዲት እናት ከትምህርት ቤታችን ከወጡ ከዓመታት በኋላ ከሩቅ አገር ደውለው፣ ልጃቸው ያለ ማስረጃ ከዕድሜው በታች ባለ ክፍል ሊመደብ መሆኑን በጭንቀት ነገሩኝ። የሦስት ዓመቱን ውጤት ከፋይላችን አውጥተን በዚያው ቀን ላክንላቸው። ፋይሉ ተቆልፎ ወይም ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ የሚያጣው ወረቀት ሳይሆን ከሕይወቱ ዓመት ነበር።

ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የሚመጣው ይህን ሊወስድ ነው። ሌላም አለ። ሃርድ ዲስክ በእርጅና ይሞታል፤ መብራት ሲመጣና ሲሄድ ይቃጠላል፤ ላፕቶፕ ይሰረቃል። ከእነዚህ ከአንዱም ምንም ዓይነት ፀረ ቫይረስ፣ በነጻ የተገኘውም የተገዛውም፣ አያድነንም። የሚያድነን ቅጂ ብቻ ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት ቀላል ደንብ አለ፦ ለማይተካ ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ላይ ይቀመጥ፣ አንዱም ከሕንፃው ውጭ ይሁን። እኔም የምጠይቀው ይህንን ነው። ለፀረ ቫይረስ በታሰበው ገንዘብ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እንግዛ። በየሳምንቱ ዓርብ የጽሕፈት ቤቱ ፋይሎች ይገለበጡ፤ ከተገለበጡ በኋላ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ይነቀል፤ ምክንያቱም ተሰክቶ የቆየን ዲስክ ቆላፊው አብሮ ይቆልፈዋል። ሁለቱ ዲስኮች በየሳምንቱ ይፈራረቁ፤ አንዱ በካዝና ሲሆን ሌላው ኮሚቴው በሚመርጠው ሰው ዘንድ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥ። ዲስክ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ በየዓመቱ ዕድሳት አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

መክፈል ተገቢ የሚሆንበት

«እንክፈል» ያሉትን ወላጆች ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ውድቅ እያደረግሁ አይደለም። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተሮች ከተማሪዎቹ ክፍል ይለያሉ። በእነሱ ላይ የልጆች ስም፣ የልደት ቀን፣ የወላጅ ስልክ፣ የክፍያ መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መጠቀምን ይከለክላል፤ መረጃ የያዘ ተቋምም በአግባቡ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት። ለእነዚህ ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ በችግር ጊዜ የሚደወልለት ባለሙያ ያለውና ለተቋም አገልግሎት የተፈቀደ የሚከፈልበት ጥበቃ ይገዛ ቢባል አልቃወምም። የኮምፒውተሮቻችን ቁጥር ወደፊት በዝቶ አንዱ መምህር በየተራ ሊያያቸው የማይችል ከሆነም፣ ሁሉንም ከአንድ ቦታ መቆጣጠር የሚያስችል አገልግሎት ዋጋው ተገቢ ይሆናል። ቤት ውስጥም አረጋዊ አባት ወይም እናት ኮምፒውተሩን የሚጠቀሙና የሚረዳቸው ሰው አጠገባቸው የሌለ ከሆነ፣ የሚደወልለት ባለሙያ ማግኘት ብቻውን ሊያስከፍል ይችላል። የምቃወመው ሳይለዩ ለሁሉም መግዛትን ነው።

«ነገ አንድ ነገር ቢደርስ ግን ርእሰ መምህሩ ገንዘብ ሰሰተ አንባልም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ባልደረባ ነበሩ። ሊባል ይችላል። ነገር ግን ከወቀሳ ለመዳን ሲባል የሚገዛ ነገር ጥበቃ አይባልም። ወላጆች ገንዘባቸውን የሚሰጡን ልጆቻቸው እንዲጠበቁላቸው እንጂ እኛ ከነቀፋ እንድንድን አይደለም።

ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ

ውድ ተማሪዎች፤ ከሳይበር ቤት የመጣ ፍላሽ ስትሰኩ ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት በፀረ ቫይረሱ አስፈትሹት። ማሻሻያ ሲመጣ «በኋላ» የሚለውን መጫን ልማድ አታድርጉት። ለኢሜይላችሁና ለሌላው ሁሉ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል አትጠቀሙ። በስክሪኑ ላይ በድንገት ቀይ ሆኖ ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርህ በቫይረስ ተወርሯል፣ ይህን ጫን» የሚል ገጽ ካያችሁ ሳትነኩት ገጹን ዝጉና ለመምህራችሁ ተናገሩ፤ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ራሱ «ጫነኝ» ባዩ ነው። ስህተት ብትሠሩም ቶሎ ተናገሩ። በዚህ ትምህርት ቤት እውነቱን ፈጥኖ የተናገረ ተማሪ አይቀጣም፤ የተደበቀ ቫይረስ ግን ሁላችንንም ይቀጣል።

ክቡራን ወላጆች፤ በቤታችሁ ያለው ዊንዶውስ የሚታደስ ከሆነ አብሮት የመጣው ጠባቂ ይበቃችኋል፤ መብራቱን ብቻ አረጋግጡ፣ ማለትም በ«ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ገጽ ላይ አረንጓዴ ምልክት መኖሩን። እዚያው ገጽ ላይ ፎልደሮችን ከፋይል ቆላፊ የሚከላከል መቆጣጠሪያ አለ፤ ሲመጣ ጠፍቶ ስለሚመጣ እናንተ ልታበሩት ይገባል። ሁለት ፀረ ቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አትጫኑ፤ እርስ በርሳቸው እየተጣሉ ኮምፒውተሩን ያዘገዩታል። የቤተሰብ ፎቶግራፍና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ በስልክ ብቻ አይቅር። መክፈል ከፈለጋችሁም ክፈሉ፤ ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት «በነጻ ካለኝ ምን ይጨምርልኛል? በሁለተኛው ዓመት ስንት ይሆናል? የክፍያ ካርዴን ይዞ በራሱ ያድሳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ለሦስቱም ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጣችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩ።

የሥራ ባልደረቦቼ፤ በኮምፒውተር ክፍሉ ተማሪዎች የሚገቡት ሶፍትዌር ለመጫን በማይፈቅድ ተራ መለያ እንጂ በአስተዳዳሪ መለያ እንዳይሆን ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ እንድናስከብር እጠይቃለሁ። ይህ ሥራ ምንም ወጪ የለውም፤ ሆኖም ከብዙ ግዢ ይበልጥ ይጠብቀናል። የጥያቄ ወረቀታችሁንና የውጤት መዝገባችሁንም በግል ፍላሽ ብቻ ይዛችሁ አትዙሩ።

ለጠቅላላ ስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ አራት ነው። አንደኛ፣ ለተማሪዎች ክፍል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው ጥበቃ እንቀጥል። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበሉትን እናሳድግ፤ የማይቀበሉትን ወደ ሊነክስ እናዛውር። ሦስተኛ፣ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተገዝቶ የሳምንታዊው ቅጂ ኃላፊ በስም ይመደብ። አራተኛ፣ ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተሮች ብቻ ለተቋም የተፈቀደ ጥበቃ ዋጋ ይጠየቅ፤ የሁለተኛው ዓመት ዋጋም አብሮ ይቅረብ። በዚህ የማይስማማ ወላጅ ወይም መምህር ካለ በስብሰባው ላይ ተገኝቶ እንዲሞግተኝ በአክብሮት እጋብዛለሁ። የተሻለ ሐሳብ ከቀረበ የትምህርት ቤቱ ሐሳብ የሚሆነው ያ ነው።

ለመላው የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ መልካም የዕረፍት ጊዜ እመኛለሁ።

ርእሰ መምህር